የአቶ ኦብሳ ገመድና የአባይ ቁልቁለት

እሺ መባላችንን ያወቅነው በገመዱ ነው።

ምሳ ተበልቶ፣ እጅ ታጥበን፣ ጋሽ ኢዮአብ ከቤት ጀምሮ ሲያጠናው የመጣውን ንግግር ሲጨርስ፣ የልጅቷ አባት አቶ ኦብሳ አንድ ቃል ሳይመልሱልን ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ግቢው ወጡ። እኛ ሦስቱ ሽማግሎች ተከትለን በረንዳው ላይ ቆምን። ሰውየው ግድግዳው ላይ የተጠቀለለውን ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ፈቱ፣ ጫፉን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ፣ ከዚያ መኪናችን ጎን ላይ ሰኩት። ጋሽ ኢዮአብ ክርኔን እንደ ሎሚ ጨመቀና "ኤልዱ፣ ሰኩት እኮ!" አለኝ በሹክሹክታ።

"አይቻለሁ፤ ክርኔን ልቀቅልኝ" አልኩት። ውስጤ ግን ጮቤ ይረግጥ ነበር።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከአባይ በረሃ በላይ፣ በደጋው ጫፍ ባሉት መንደሮች፣ ለጋብቻ ጥያቄ የመጣን ሽማግሌ በአፍ እሺ ወይም እምቢ ማለት ነውር ከሆነ ዘመን አልፎታል። እምቢ ያለ አባት እንግዶቹን እስከ በሩ ይሸኝና መልካም መንገድ ይላል፤ በቃ። እሺ ያለ ባትሪያቸውን ሞልቶ ይሸኛል። ደግሞ ሙሉ ሲባል ሙሉ ነው። ትንሽ ከጎደለ "ልጄን ሰጠሁ ግን ቅር ብሎኛል" ማለት ነው ይባላል፤ በዚህ የተነሳ ተጣልተው እስከ ዛሬ የማይነጋገሩ ቤተሰቦች አሉ። እኛ የማዶዎቹ፣ የደጀኖቹ፣ ይህ ወግ የለንም። በወሬ ነው የምናውቀው።

ስሜ ኤልዳና ነው። ኤልዳና፣ ኢዮአብ፣ ሮቤል፤ ከስማችን እንደምትረዱት ሦስታችንም ጡረተኞች ነን። የአሁን ልጆች እንዲህ ዓይነት ስም ሲሰሙ ከዘራ ይታያቸዋል። ጋሽ ኢዮአብ የሰፈራችን አፈ ጉባኤ ነው፤ ሲናገር ዳኛ ይመስላል፣ ሲፈራ ደግሞ ከሕፃን ይብሳል። ሮቤል የአጎቴ ልጅ ነው፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ከሦስቱ ሽማግሎች አንዷ ሴት ትሁን የሚለው ደንብ ከወጣ ወዲህ እኔም ለሽምግልና እላካለሁ፤ ዛሬ ግን የመጣሁት በደንቡ አይደለም። ያሳደግኩት ልጅ ነው የላከኝ።

ምሕዋር የሟች እህቴ ልጅ ነው። አባይ ድልድይ ላይ የውሃውን ከፍታ ይለካል። ሲፈን፣ የአቶ ኦብሳ ልጅ፣ የዚያው ድልድይ ብረት ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ናት። እሱ ወደ ታች ሲያይ እሷ ወደ ላይ ስታይ አንድ ቀን ተያዩ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ልጅ አልሆነልኝም። ምግብ ሰጥቼው ሰሐኑን ይዞ ይረሳዋል። "አክስቴ፣ እሷን ካላገባሁ ሌላ አታስቢ" ብሎኛል፤ ምሕዋር ደግሞ ከአፉ የወጣን ነገር የሚያጥፍ ልጅ አይደለም። ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነበር፤ ምክንያቱም አቶ ኦብሳ ሽማግሌ አይቀበሉም። ከዓመታት በፊት ለሲፈን የመጡ ሌሎች ሽማግሎች ነበሩ። ተቀበሉ፣ አበሉ፣ ባትሪያቸውን ሞልተው ሸኙ። ሰዎቹ በዚያው ቀሩ። አልደወሉም፣ አልላኩም፣ ድንኳን ተተክሎ አልመጡም። ሰውየው ከዚያ ቀን በኋላ በራቸውን ዘጉ። እኛን ለማስገባት ራሱ ከክረምት እስከ ጥቅምት ነው ያስለመኑን።

እና አሁን ገመዱ ተሰክቷል። አላለቅስም እንጂ ባለቅስ ያኔ ነበር።

ሞልተው ሲያበቁ ገመዱን ነቀሉ፤ እኛ መኪናው ውስጥ ስንገባ ወደ መስኮታችን መጡ። "ሙሉ ነው" አሉ። "ከዚህ በላይ አልቀበልም ብሎኝ ነው እንጂ እጨምር ነበር።" ከዚያ መሬት መሬት እያዩ፣ ቀስ ብለው፣ "ያለፈውም ጊዜ ሙሉ ነበር" አሉ።  

ሲፈን ከአባቷ ኋላ ቆማ ነበር። ሙሽራ ገመዱ ጋ አትጠጋም፤ ነውር ነው። ከሩቅ ሆና "እትዬ ኤልዳና፣ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ደውሉልኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

አቶ ኦብሳ ሊመርቁን እጃቸውን ዘረጉ። ሦስታችንም አጎነበስን። ይሄኔ መኪናችን ዳማ ተናገረች። ዳማ የምንላት በቅድመ አያቴ ፈረስ ስም ነው። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ሰው ሳታስቀድም አትናገርም። "ይቅርታ ክቡራን፣ ስለ ባትሪዬ አንድ ነገር..."

"ዝም በይ!" አለ ጋሽ ኢዮአብ። አባት እየመረቀ መኪና ጣልቃ ትግባ? በጣቱ አፏን ዘጋው፤ ማለቴ የድምፅዋን ምልክት። ከዚያ ፊት ለፊታችን ያለው መስታወት ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሮቤል "ይቺ ደግሞ ዓይነ ደረቅ!" ብሎ ጋቢውን ጣለባት። አቶ ኦብሳ መርቀው ጨረሱ፤ እኛም አሜን ብለን ወጣን።

እዚህ ላይ ሰው ይፈርድብናል፤ ይፍረድ። ግን እውነቱን ለመናገር መኪና መስማት የተውነው እኛ ብቻ አይደለንም። ያለ ሾፌር ስትሄድ እያየን ነው የኖርነው። ቤት ስትሆን ራሷ የምትፈልገውን ያህል ትሞላለች፣ ራሷ ትተዋለች፤ ለምን እንደምትተው ጠይቄ አላውቅም። አንድ ሰሞን መኪኖች "አልሄድም" እያሉ ሰው ለቅሶና ሠርግ ስላስቀሩ፣ መኪና ትመክራለች እንጂ ጌታዋን አትገትርም የሚል ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዝም ካስባልካት የቻለችውን እያደረገች ትሄዳለች። ዳማም የቻለችውን እያደረገች ወደ ገደሉ አፍ ሄደች።

ከመንደሩ ሳንወጣ ስልኩ ጮኸ። ምሕዋር ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "ስንት?" አለኝ።

"ሙሉ!" አልኩት።

የጮኸው ጩኸት ከደጀን ያለ ስልክም በተሰማ ነበር። ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ አንዷ እልል ስትል ሰማሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስልኩን ዘግቼ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

የአባይ በረሃን መንገድ ታውቁታላችሁ። አሁን ጸጥ ያለ ነው። ሾፌር አልባ ካሚዮኖች ሲሚንቶና ጤፍ ተሸክመው ተሰልፈው ይወርዳሉ፤ እንደ ንብ ቀፎ ከሚያጉረመርም ድምፅ ሌላ የላቸውም። የሚወርዱት ቁልቁለቱ ላይ ያመነጩትን ኤሌክትሪክ ከታች ላሉት ከተሞች ያቀብላሉ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ፤ ዛሬ የወረዱት ምን ያህል መብራት እንደሰጡ ይቆጥራል። ከሥሩ "ሙቀት ብክነት ነው" ተብሎ ተጽፏል። የሚያነበው ሰው ግን የለም፤ በመንገዱ የሚያልፉት ማንበብ የማያስፈልጋቸው ናቸውና።

ወረድን። ጋሽ ኢዮአብ ንግግሩን እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከልን፤ የቱ ጋ አቶ ኦብሳ ራሳቸውን እንደነቀነቁ፣ የቱ ጋ እንባ እንዳቀረሩ። ሮቤል የሠርጉን በሬ ይመርጥ ነበር። እኔ ወደ ኋላ ዞር ስል አንድ የገረመኝ ነገር አየሁ። ከኋላችን ያሉት ካሚዮኖች እየራቁ ነው። መጀመሪያ ቅርባችን የነበረው ወደ ኋላ ቀረ፤ ከእሱ ኋላ ያለውም እንዲሁ። ከመኪናችን ጀርባ የሚበራ ቢጫ ብርሃን አስፋልቱ ላይ ወድቆ ይታያል። ዳማ ቢጫ መብራት እንዳላት እንኳን አላውቅም ነበር። "ክብር ሰጡን" አለ ጋሽ ኢዮአብ። እኔም አመንኩ፤ ምን ይደረግ፣ ደስታ ያጃጅላል።

ከዚያ ያ ሽታ መጣ።

አባቴ የካሚዮን ሾፌር ነበር፤ ሰው በእግሩ ፍሬን በሚይዝበት ዘመን። ከዚህ በረሃ ወጥቶ ቤት ሲገባ ልብሱ ላይ አንድ ሽታ ነበረው። የተቃጠለ ሸራ፣ የጋለ ብረት፣ ትንሽ ጎማ። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ዘልዬ አንገቱ ላይ ስጠመጠም እሱን ነው የማሸተው። ከሞተ ወዲህ ያን ሽታ የትም አግኝቼው አላውቅም፤ ከዓለም ላይ ጠፍቷል። እና አሁን፣ በዚህ በደስታዬ ቀን፣ በመስኮት ገባ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አባዬ፣ አልኩ በሆዴ፣ ምሕዋርን ሊመርቅ መጣ።

"ምን ይሸታል?" አለ ሮቤል።

"የአባቴ ሽታ ነው። ዝም ብለህ አሽት" አልኩት።

አሽተተ። እኔም ጠጣሁት። አንድ ጥምዝ እንዲሁ አለፈ፤ ሁለተኛውም። ከዚያ ነው ቆይ ያልኩት። ቆይ፣ አባቴ ከሞተ ስንትና ስንት ዓመቱ ነው። ታዲያ ማነው የሚሸተው?

ዓይኔን ስገልጥ ከፊት ጎማው በኩል ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ጋቢውን ገፍፌ የዳማን ድምፅ ከፈትኩ።

"አመሰግናለሁ" አለች፤ ያው ለስላሳ ድምፅዋ። "ለመናገር ስሞክር ቆይቻለሁ። የፍሬን ዲስኮቼ ከመጠን በላይ ግለዋል። ፍሬኔ እየደከመ ነው። ከጥምዙ በኋላ የመቆሚያ ቦታ አለ፤ እዚያ ለመቆም እሞክራለሁ። ከፊት የተቀመጡት ክቡር ሰው ከእግርዎ ሥር ያለውን ክዳን ከፍተው ፔዳሉን በሙሉ ክብደትዎ ቢረግጡልኝ ደስ ይለኛል።"

ፊት የተቀመጠው ሮቤል ነው። "እሞክራለሁ አለች?" አለ። ከዚያ ክዳኑን በእርግጫ ገነጠለው። ያን ፔዳል ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ፕላስቲኩ እንኳን አልተላጠም። ሮቤል በሁለት እግሩ ቆመበት። ጋሽ ኢዮአብ ዳዊት መድገም ጀመረ፤ መሐል መሐል ላይ "እርገጥ!" እያለ። እኔ በበኩሌ በመስኮቱ በኩል ገደሉን አየሁና ያየሁት በቃኝ። አፌ ውስጥ የነበረው "ምሕዋር" የሚለው ስም ብቻ ነው። ሙሉ ብዬዋለሁ። ሙሉ ብዬው እዚህ ገደል ውስጥ ልቀር?

ጥምዙን ዞርን። ዳማ ጠጠሩ ላይ ወጣች፣ ተንገጫገጨች፣ አቃሰተች፣ ቆመች። ዘልዬ ወረድኩና ትልቅ ድንጋይ አንስቼ ከጎማው ሥር ታኮ አደረግሁ። የአባቴ ረዳት እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ። 

በጎማው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሳይ ዲስኩ ፍም መስሏል። ቀን በጠራራ ፀሐይ ብረት ሲቀላ አይቼ አላውቅም። ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ።

ሮቤል ጀሪካን ውሃ ይዞ ሲሮጥ አንዲት ሴት "ኧረ እንዳታፈስ! በእመብርሃን እንዳታፈስ!" እያለች ከማንጎ ጥላ ሥር ብድግ አለች። እዚያ የመቆሚያ ቦታ ላይ ማንጎ የምትሸጥ ሀሴት የምትባል ሴት ናት። ጀሪካኑን ከእጁ ነጠቀችው። "ይሰነጠቃል! ድሮ ውሃ ያፈሰሱበት እንዲህ ነው የሆነው" አለችና የማንጎ ጠረጴዛዋን እግር አሳየችን። ከሥሩ እንዳይወዛወዝ የገባ ክብ ብረት አለ። ዲስክ ነው። ከመሐሉ እስከ ጫፉ ተሰንጥቋል።

መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ከዳማ ጋር ነበርኩ። "ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ቁልቁለት ስወርድ የማገኘውን ጉልበት ሁልጊዜ ባትሪዬ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ እሱም ነው የሚይዘኝ" አለች። "ዛሬ ባትሪዬ ሙሉ ስለሆነ ማስቀመጫ ቦታ የለኝም። ስለዚህ የፍሬን ሸራው ብቻውን ዲስኩን እያሻሸ ሲይዝ ቆየ። ያ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ሆነ። ሲበርድልኝም ቁልቁል መውረድ አልችልም። ዳገት መውጣት ግን እችላለሁ።"

ይህ ነው እንግዲህ። አንድ ሰው እስከ አፍንጫው በልቶ ሳለ ባለቤት ሌላ ጉርሻ ቢያጎርሰው የት ይውጠዋል? ዳማን እንዲያ አደረግናት። በፍቅር፣ በምርቃት፣ እስከ አፏ ሞልተን ገደል አፋፍ ላይ ለቀቅናት።

"ወደ ላይ እንመለስ" አለ ሮቤል። "ዳገቱ ባትሪውን ያጎድለዋል፣ ከዚያ እንወርዳለን።"

"አብደሃል?" አለ ጋሽ ኢዮአብ። "እሺ የተባለ ሽማግሌ በዚያው ቀን ወደ ሰጪው ደጅ ይመለሳል? ሐሳባችንን ለወጥን ማለት ነው! ሰውየው ምን ይበሉ? ሁለተኛ ጊዜ!" ፊቱ አመድ መስሏል። ዝቅ ብሎ ደግሞ "እኔስ ምልክቱ አላማረኝም። እሺ ያሉበት ራሱ ሊገድለን ነበር" አለ። የፈራሁት ይህንን ነው። ጋሽ ኢዮአብ "ምልክቱ" ማለት ከጀመረ የሰማ ሁሉ ያምነዋል።

ሀሴት ማንጎ እየላጠች "ያኛዎቹም እንዲህ ነበር ያሉት" አለች።

"የትኞቹ?"

"ዲስኩን የሰነጠቁት ናቸዋ። ሽማግሎች ነበሩ፤ ሦስት ወንዶች። ዓመታት ሆነው። አንዱ እጀታው ብር የሆነ ከዘራ የያዙ። ለልጅ ጥያቄ ሄደው ሙሉ ተሞልቶላቸው ሲመለሱ ነው። ውሃ አፈሰሱበት፣ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ምልክቱ ክፉ ነው አሉ። ቢያንስ ለአባትየው ንገሯቸው ብላቸው፣ 'ያ ሰው ሙሉ ልቡን ሰጥቶን፣ ስጦታህ ሊፈጀን ነበር ብለን በምን አፋችን እንናገራለን?' አሉኝ። አልቅሰው ነው የሄዱት። ሌላ መኪና ወሰዳቸው።"

 ሮቤልም ጋሽ ኢዮአብም እኔን አዩኝ። ሁላችንም ስለ አንድ ሰው ነው የምናስበው። ያ ሰው እነዚህን ዓመታት ሁሉ ልጄ ተናቀች እያለ በሩን ዘግቶ ኖሯል፤ ሰዎቹ ደግሞ አክብረውት ነው ዝም ያሉት።

ስልኬን አወጣሁ።

"ለማን ነው?" አለ ጋሽ ኢዮአብ።

"ለአቶ ኦብሳ።"

"ኤልዳና! በሞቴ! ስጦታቸውን ልትነቅፊ ነው? ልጁን በእጅሽ ልታስቀሪው ነው!"

እውነቱን ነው፤ ሊያስቀረው ይችላል።  ምሕዋር እቤት ጎረቤት ሰብስቦ እየጠበቀኝ ነው። ግን ዝም ብል እኛም እንደነዚያ ሆነን ልንቀር ነው፤ በአክብሮት ሰው መግደል እኔ አልችልበትም። ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሽታውን፣ ዲስኩን፣ ከዘራውን፣ ልቅሶውን።  

"የት ጋ ናችሁ?" አሉ ስጨርስ። ነገርኳቸው። ስልኩ ተዘጋ።

"ጨረስሽው" አለ ጋሽ ኢዮአብና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔም ካጠገቡ ተቀመጥኩ። ሀሴት ማንጎ ሰጠችን፤ ማናችንም አልበላንም። ዲስኩ ከቀይ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር ሲሄድ እያየን ቆየን። ካሚዮኖቹ አንድ በአንድ እያለፉን ወረዱ።

አቶ ኦብሳ በእርሻ መኪናቸው መጡ፤ ሲፈን አብራቸው ናት። ከወረዱ በኋላ ሰላም እንኳን አላሉንም። በቀጥታ ወደ ጎማው ሄደው መዳፋቸውን ከብረቱ ትንሽ አራቅ አድርገው ያዙት። ሙቀቱ ገና ነበረ። እጃቸውን እዚያው እንደያዙ "ይህ ሁሉ ከእኔ ገመድ ነው?" አሉ።

ሲፈን ግን ግራ ተጋብታ እኛን አየችን። "መኪናዋ አልነገረቻችሁም? እኔ እኮ ሁልጊዜ መኪኖቹ ይናገራሉ፣ ጥቂት አጉድለው ይወርዳሉ ብዬ ነው የማስበው!"

ሦስታችንም መሬት መሬት አየን። "ዝም አስባልናት" አልኩ። "አባትሽ እየመረቁን ነበር።" ሲፈን አፏን በእጇ ብትይዘውም ሳቋ አመለጣት። በዚያ ቀን ስትስቅ መጀመሪያ ያየኋት ያኔ ነው። ምሕዋር ለምን ሰሐን ይዞ እንደሚረሳ ገባኝ።

አቶ ኦብሳ አልሳቁም። ወደ ሀሴት ሄዱ። "ከዘራው እጀታው የብር ነበር?" አሏት። አዎ አለች። "አልቅሰው ነበር?" አዎ አለች። ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር የተሰነጠቀውን ዲስክ ሳቡት፤ ጠረጴዛው ተንጋደደና ማንጎው ተንከባለለ፤ ማንም ለማንሳት አልሞከረም። ስንጥቁን በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣

"ሲፉ፣ አልናቁንም" አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። "ፍሬን ነው። ፍሬን ነው እኮ እናቴ፤ አልናቁንም።"

ሲፈን ሄዳ አቀፈቻቸው። ዲስኩ በመሐላቸው ሆነ። እኔ ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ፤ ጋሽ ኢዮአብ ግን ሳይደብቅ ያለቅስ ነበር፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ደግሞ ድምፁ አያምርም።

ሲረጋጉ አቶ ኦብሳ ገመድ አወጡና ዳማን ከራሳቸው መኪና ጋር አገናኙ። የእርሻ መኪናቸው ባትሪ ገና ብዙ ቦታ ነበረው፤ መጠጣት ጀመረ። የዳማ ባትሪ ቁጥር ከመቶ ቀስ እያለ ወረደ። ጋሽ ኢዮአብ ቁጥሩን ሲያይ የሚይዘው አጣ። የተሰጠ ሲወሰድ በዚያ አገር አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። "ጌታዬ፣ እየወሰዱ ነው እኮ..." አለ፤ አልጨረሰውም።

ይህን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። ምሕዋር። "አክስቴ፣ ለምን ዘገያችሁ? አሁንም ሙሉ ነው?" ምን ልበለው? አቶ ኦብሳ እጃቸውን ዘረጉ፤ ስልኩን ሰጠኋቸው።

"ሰባ ነው" አሉት።

 የአንድ ሰው ልብ ቀጥ ሲል ድምፅ አለው ብላችሁ አታምኑኝም።

"ሰባ ነው፣ ልጄ" አሉ አቶ ኦብሳ። "ሙሉ ብሰጥህ ቁልቁለቱ ሰዎችህን ይበላቸዋል። ቦታ ትቼልሃለሁ። የድንኳኑን ቀን ከአክስትህ ጋር ተነጋገሩና ንገሩኝ።"

"ልጄ" ማለታቸውን ልብ በሉ። ምሕዋርም ልብ ብሎታል፤ ጩኸቱ ሁለተኛ መጣ፤ አቶ ኦብሳ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። በዚያ መንደር አሁን እሺ ማለት ሰባ ነው፤ ሙሉ የሞላ ሰው ቢገኝ "ምን አድርገንህ ነው?" ይባላል። ግን ያኔ ይህን አናውቅም።

ቁልቁለቱን ቀጠልን። ዳማን ማንም ዝም አላስባላትም፤ እንዲያውም ጋሽ ኢዮአብ በየጥምዙ "እንዴት ነሽ?" ይላት ነበር። "ደህና ነኝ፤ ቦታ አለኝ" ትለዋለች። ቢጫው መብራት ጠፍቶ ካሚዮኖቹ እንደገና ከኋላችን ተጠጉ። ባትሪው በእያንዳንዱ ጥምዝ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ፣ አቶ ኦብሳ የወሰዱትን ቁልቁለቱ መልሶ እየሰጠን፣ አባይ ድልድይ ደረስን።

ወርጄ ለሲፈን ደወልኩ። ገና ሳይጠራ አነሳችው። "ደረሳችሁ?"

"ደረስን የኔ ልጅ።"

ከኋላዋ የአባቷ ድምፅ መጣ። "ፍሬኑን በእጇ ትንካው በያት! በእጇ!"

ጎንበስ ብዬ በጎማው ቀዳዳ ሁለት ጣቴን አስገባሁ። ዲስኩን ነካሁት፤ እጄን አላነሳሁም።

"ቀዝቃዛ ነው፣ አቶ ኦብሳ" አልኩ።